ከድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ የአስተናጋጁን ስም ብቻ እንዴት ላውጣ?

ባለሰንጠረዧ (ጎንደር፣ ፒያሳ) — ታኅሣሥ 19

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት አነስተኛ የጉዞ ቢሮ ውስጥ ነው። አራት ሠራተኞች ነን፤ ኮምፒውተር የሚነካ ጉዳይ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ይህ ማዕረግ የተሰጠኝ አንድ ቀን ማተሚያው ውስጥ የተጣበቀ ወረቀት ስላወጣሁ እንጂ ስለተማርኩ አይደለም።

ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀረው። አለቃዬ ትናንት መጡና «ያለፉት እንግዶቻችን ከየትኛው ድረ ገጽ አግኝተውን እንደመጡ ቆጥረሽ አምጪልኝ፤ ዘንድሮ ማስታወቂያ የምንከፍለው ለእሱ ነው» አሉኝ። መረጃው አለን። የክፍል ማስያዣ ቅጻችን ላይ «ከየት አገኛችሁን?» የሚል ሳጥን አለ፤ እንግዶቹ ያዩንን ገጽ አድራሻ እንዳለ ይለጥፉበታል። ጉግል ሺትስ ላይ ስከፍተው 1112 ረድፍ ሆነ። በዚያ ላይ አስጎብኚዎቻችን በቴሌግራም የላኩልን 228 መልእክቶች አሉ፤ እነሱን ለጊዜው እንተዋቸው።

ችግሬ አድራሻዎቹ ረጃጅም መሆናቸው ነው። እኔ የምፈልገው የአስተናጋጁን ስም፣ ባለሙያዎቹ ሆስትኔም የሚሉትን ብቻ ነው። የሰው አድራሻ አደባባይ ማውጣት ስላልወደድኩ ስሞቹን ቀይሬ በእኛው ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ እናንተ በላቲን እንደተጻፉ አድርጋችሁ አንብቧቸው።

1) ኤችቲቲፒኤስ://ማረፊያ.ምሳሌ.ኮም/ጎንደር/ክፍል?ቀን=11
2) ኤችቲቲፒኤስ://ምሳሌ.ኮም
3) ኤችቲቲፒ://ጉዞ.ምሳሌ.ኔት:8080?ከተማ=ጎንደር
4) ኤችቲቲፒኤስ://ካርታ.ምሳሌ.ኮም/ቦታ/@12.6,37.47,15
5) ምሳሌ.ኮም/ሰሜን-ተራሮች

ከመጀመሪያው «ማረፊያ.ምሳሌ.ኮም»፣ ከሦስተኛው «ጉዞ.ምሳሌ.ኔት» እንዲወጣልኝ ነው የምፈልገው። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባል ነገር (ጽሑፍ ውስጥ የሚፈለገውን በምልክት የሚገልጽ ንድፍ) እንዳለ አንድ ወዳጄ ነገረኝና ይህን ሞከርኩ፦

//(.*)/

ከመጀመሪያው ረድፍ «ማረፊያ.ምሳሌ.ኮም/ጎንደር» አወጣልኝ። ጎንደርን ምን አስገባት? ቀጥዬ የጥያቄ ምልክት ጨመርኩበት፦

//(.*?)/

አሁን የመጀመሪያው ተስተካከለ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን የስህተት ምልክት ሆኑ። ሦስተኛ ሙከራዬን ልጀምር ስል መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ሳያልቅ ይህን ጻፍኩ። እባካችሁ።

---

ፈጣኑ

ይኸውልሽ፣ ገልብጠሽ ለጥፊው፦

(?<=//)[^/]+

---

ባለሰንጠረዧ

መብራት መጣ። ለጠፍኩት። ረድፉ ሁሉ ቀይ የስህተት ምልክት ሆነ፤ አንድም ስም አልወጣም። ጭራሽ ንድፉ ራሱ ልክ አይደለም ይለኛል።

---

ጡረተኛው መምህር (አዘዞ)

ልጄ፣ ወንድማችን የሰጠሽ ንድፍ በሌላ ቦታ ይሠራል፤ በጉግል ሺትስ ግን አይሠራም። ጉግል ሺትስ የሚጠቀምበት ሞተር አርኢ2 ይባላል፤ ወደ ኋላ ዞሮ ማየትን፣ ማለትም ያችን ቅንፍ ውስጥ ያለች የቀስት ጫፍ የመሰለች ነገር አያውቃትም። ሳያውቃት የቀረው ሆን ተብሎ ነው፤ ፍለጋው ከጽሑፉ ርዝመት ጋር ብቻ እየተመጣጠነ እንዲያልቅ የተሠራ ስለሆነ ያንን ዋስትና የሚያፈርስ ነገር አይቀበልም። አንቺም አያስፈልግሽም። በተራ ቅንፍ የከበብሽውን ክፍል ብቻ አውጥቶ ይሰጥሻል፤ ያ ይበቃሻል።

አሁን ወደ ራስሽ ሙከራ እንመለስ። ነጥብና ኮከብ ሲጎራበቱ «ማንኛውም ነገር፣ የፈለገውን ያህል» ማለት ነው። ኮከቢቱ ስግብግብ ናት። መጀመሪያ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን ሁሉ ትውጣለች፤ ከዚያ እዝባር (/) እስክታገኝ ድረስ የዋጠችውን ከኋላ እየተፋች ትመለሳለች። ከኋላ ሲመጡ መጀመሪያ የሚገኘው ደግሞ የመጨረሻው እዝባር ነው። ጎንደር የገባችው በዚህ በር ነው። የጥያቄ ምልክት ስታክዪባት ቁጥብ ትሆናለች፤ ከፊት አንድ አንድ ፊደል እየወሰደች የመጀመሪያው እዝባር ላይ ትቆማለች። እዝባር ከሌለ ግን የምትቆምበት የለም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሆነው ይኸው ነው። (ኮከቢቱ ባለቤት አላት። የክሊኒ ኮከብ ትባላለች፤ ስቲቨን ክሊኒ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ይህን ሐሳብ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ሲያወጣው ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ መፈለግ በሐሳቡም አልነበረም። ወደ ጽሑፍ መፈለጊያ ያመጣው ኬን ቶምፕሰን ነው፣ በፈረንጆቹ 1968። 31 ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ይህን ሳይናገር ማለፍ አይሆንለትም።)

ስለዚህ ውስጡ ያለውን ተዪውና የት እንደሚያልቅ ንገሪው። ለእንግዳ ፋሲል ግቢን ስታሳዪ ሕንጻውን አንድ በአንድ ከምትቆጥሪለት «ግቢው እስከዚያ አጥር ድረስ ነው» ብትዪው ይቀላል አይደል? የአስተናጋጁ ስም ከሁለቱ እዝባሮች ቀጥሎ ይጀምራል፤ እዝባር፣ የጥያቄ ምልክት ወይም ሃሽ (#) ሲመጣ ያልቃል። አንዳቸውም ካልመጡ መስመሩ ሲያልቅ ያልቃል፦

//([^/?#]+)

በማዕዘን ቅንፉ ውስጥ ፊት ላይ የተቀመጠችው ቆብ የመሰለች ምልክት «ከእነዚህ በስተቀር» ማለት ናት። ያቺው ምልክት ከቅንፉ ውጭ ንድፉ መጀመሪያ ላይ ከቆመች ደግሞ ትርጉሟ ሌላ ነው፤ «የመስመሩ መጀመሪያ» ማለት ትሆናለች። ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ይህ ለሦስተኛው ረድፍ «ጉዞ.ምሳሌ.ኔት:8080» ይሰጥሻል። 8080 የወደብ (ፖርት) ቁጥር ነው፤ የስሙ አካል አይደለም። ስለዚህ ሁለት ነጥቧንም ከከልካዮቹ ጋር ጨምሪያት፦

//([^/?#:]+)

አንድ ነገር ልጨምር። የድረ ገጽ አድራሻ እንዴት እንደሚጻፍ የሚደነግገው ሰነድ አርኤፍሲ 3986 ይባላል፤ ቲም በርነርስ ሊ፣ ሮይ ፊልዲንግና ላሪ ማሲንተር አዘጋጅተውት በፈረንጆቹ ጥር 2005 ወጣ። በአባሪው ላይ አድራሻን ወደየክፍሉ የሚበትን ንድፍ አለ፦

^(([^:/?#]+):)?(//([^/?#]*))?([^?#]*)(\?([^#]*))?(#(.*))?

እይዋት፣ አንድም ፊደል የለባትም፤ ምልክት ብቻ። ላቲን አንብቦ የማያውቅ ሰው እንኳ ሊጠቀምባት ይችላል። ዘጠኝ ቅንፍ ስላላት ሰንጠረዥሽ ላይ ብታስገቢያት ዘጠኝ ዓምድ ይዛ ትዘረጋለች፤ አራተኛው ያንቺ ነው። ጎረቤት ዓምዶቹ ባዶ ካልሆኑ ግን ስህተት ይልሻል።

---

ባለሰንጠረዧ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጥሩ ገባኝ።

ሆኖም ዛሬ ጠዋት ራሴን ጉድ ሠራሁት። ማታ ሳነብ አንዳንድ አድራሻ ከአስተናጋጁ ስም በፊት የተጠቃሚ ስምና የኤት ምልክት (@) ሊኖረው እንደሚችል አየሁ። እኔም እንዲህ አድርጌ አስገባሁት፦

//(?:.*@)?([^/?#:@]+)

ከዚያ ዝርዝሩን ለአለቃዬ አሳየሁ። አለቃዬ መነጽራቸውን አደረጉና «12.6,37.47,15 የሚባለው ደግሞ የማን ድርጅት ነው? 61 ሰው ልኮልናል እኮ!» አሉኝ። ለካ የካርታ አድራሻ ውስጥ የኤት ምልክት አለ፤ ከኋላው የሚከተለው የቦታው መገኛ ቁጥር ነው። መገኛው ደግሞ የራሳችን ከተማ ነው። ጎንደር ራሷ 61 እንግዳ ልካልናለች ብዬ ሪፖርት ልጽፍ ነበር።

---

ጡረተኛው መምህር (አዘዞ)

እንዲህ ያለ ስህተት ደስ ይለኛል፤ የተሳሳተችውን ምልክት በጣት አሳይቶ የሚያስተምር ነው። ነጥብና ኮከብን እንደገና አስገባሻቸውና እንደ ልማዳቸው አጥር ዘለሉ። እዝባሩን ተሻግረው መንገዱ ላይ ያለውን የኤት ምልክት አገኙ። እነሱንም በአጥር አስሪያቸው፦

^(?:[^:/?#]+://)?(?:[^/?#]*@)?([^/?#:@]+)

መካከለኛውን ቅንፍ ተመልከቺ። ከኤት ምልክቱ በፊት የሚመጣው እዝባር እስካልሆነ ድረስ ብቻ ይወስዳል። የካርታው አድራሻ ላይ ግን ከኤት ምልክቱ በፊት እዝባር አለ፤ ስለዚህ ያ ቅንፍ ባዶውን ያልፋል። የመጀመሪያውን ቅንፍ ደግሞ የግድ አላደረግሁትም፤ የጥያቄ ምልክት ከኋላው ያለው ለዚህ ነው። አምስተኛው ረድፍሽ ያለ ኤችቲቲፒኤስ የተጻፈው አሁን ይወጣል።

የኤት ምልክቱን በቀላሉ እንዳታዪው። አጭበርባሪዎች የሚወዱት ይህችን ነው፦

ኤችቲቲፒኤስ://ባንክ.ምሳሌ.ኮም@ሌባ.ምሳሌ.ኔት/ግባ

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ባንክ የሚለው ላይ ነው፤ አድራሻው የሚወስድሽ ግን ወደ ሌባ.ምሳሌ.ኔት ነው። ከኤት ምልክቱ በፊት ያለው ሁሉ የተጠቃሚ ስም ሆኖ ይቆጠራል። ልጆቼ በስልኬ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል አድራሻ ሲመጣ መጀመሪያ የኤት ምልክት እንድፈልግ ነግረውኛል። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።

---

ባለሰንጠረዧ

ሠራ። አምስቱም ምሳሌዎች ሠሩ፤ ከ1112ቱም ዓይኔ ያየው ሁሉ ሠራ።

ሳይቸግረኝ አሁን የቴሌግራሞቹን 228 ከፈትኩ። አስጎብኚዎቻችን እንደሚናገሩ ነው የሚጽፉት። ለምሳሌ፦

በኤችቲቲፒኤስ://ማረፊያ.ምሳሌ.ኮም። ሁለት እንግዶች ናቸው ለሰሜን ተራሮች፣ ደባርቅ ላይ በቅሎ ይፈልጋሉ

የመምህርን ንድፍ ስሰጠው ስሙን አወጣና ከነአራት ነጥቡ፣ ከነእንግዶቹ፣ ከነበቅሎው አመጣልኝ። በቅሎ የተጫነ ሆስትኔም ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ሌላው ደግሞ «ከ»፣ «በ» እና «የ» አድራሻው ፊት ላይ መለጠፋቸው፣ «ን» እና «ም» ደግሞ ከኋላው መጣበቃቸው ነው። ፈረንጆቹ ይህ ችግር የለባቸውም መሰለኝ፤ ክፍት ቦታ ይተዋሉ።

---

ጡረተኛው መምህር (አዘዞ)

ይህ የእኛው ችግር ስለሆነ መፍትሔውም በእጃችን ነው። የእኛ ፊደላት በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር መዝገብ፣ ሠፈር አንድ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ከገቡ ከፈረንጆቹ 1999 ጀምሮ ቦታቸው አልተነካም። ሠፈሩ በ«ሀ» ይከፈታል። ፊደላቱ ካለቁ በኋላ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ይከተላሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ የግዕዝ አኃዞች መጥተው እልፍን በምታመለክተው «፼» ይዘጋሉ። ስለዚህ ከሀ እስከ ፼ ብለሽ አንድ ክልል ብትከለክዪ አማርኛው ከነሥርዓተ ነጥቡ በአንድ ምት ይወጣልሻል፦

//(?:[^/?# ሀ-፼]*@)?([^/?#:@,) ሀ-፼]+)

ክፍት ቦታዋን ልብ በያት፤ ከልካዮቹ ውስጥ ሆን ብዬ ያስገባኋት ናት። «በ» ፊት ላይ ብትለጠፍም አታስቸግርሽም፤ መጀመሪያ ላይ የነበረውን የመስመር መነሻ ምልክት አውጥቼ ፍለጋውን ከሁለቱ እዝባሮች ስላስጀመርኩት ከፊታቸው ያለው ቢሆንም ባይሆንም ግድ የለም። አራት ነጥብ ሰነፍ ሆኖ በሁለት የላቲን ሁለት ነጥቦች «::» የሚጽፍ አስጎብኚ ካለሽም ለወደቡ ብለን ያስገባናት ከልካይ እሱንም ትይዘዋለች። በላቲን ነጥብ የሚጨርስ ካለ ግን ያቺ ነጥብ ስሙ ጫፍ ላይ ትቀራለች፤ ለየብቻዋ ቁረጫት።

---

ፈጣኑ

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህኛው አይሠራም። የእህታችንን ምሳሌ እንዳለ ገልብጬ ሞከርኩት፤ ምንም አላወጣም።

---

ባለሰንጠረዧ

ወንድሜ፣ ምሳሌው በእኛ ፊደል ነው እኮ የተጻፈው! ከሀ እስከ ፼ የሚከለክል ንድፍ «ማረፊያ»ን እንዴት ያሳልፋት? መጀመሪያ ላይ በላቲን አንብቡት ያልኩት ለዚህ ነበር። እውነተኛው ሰንጠረዥ ላይ ከ228 ውስጥ 219 አወጣ፤ የቀሩት ዘጠኙ አድራሻ የሌላቸው ናቸው።

---

ፈጣኑ

እሺ፣ አፈርኩ። ዝም ብዬ አነባለሁ።

---

የማራኪው

ዘግይቼ ገባሁ፤ በሙያዬ ፕሮግራም ጻፊ ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቃወም። አድራሻ መበተን በሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚሠራ ሥራ አይደለም። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ዩአርኤልስፕሊት የሚባል የተዘጋጀ መሣሪያ አለ፤ ሆስትኔሙን ወደብ አስወግዶ፣ በትንንሽ ፊደላት አድርጎ ይሰጣል። የፊደሉ መጠን ይቆጠራል፤ በአስተናጋጅ ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት የላቸውም፤ አንቺ ግን የምትቆጥሪው በሰንጠረዥ ላይ እንደ ሁለት ስም ሊሆን ይችላል። በንድፍሽ የማይያዙ አድራሻዎችም አሉ፦ ኤችቲቲፒ://[::1]:8080 የመሰለ፣ በማዕዘን ቅንፍ የታሰረ የአይፒ ቁጥር። የእናንተ ንድፍ ከዚህ የሚያወጣው አንዲት ቅንፍ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የኋሊት እዝባር ነው።

ኤችቲቲፒኤስ://ሌባ.ምሳሌ.ኔት\@ባንክ.ምሳሌ.ኮም

መምህር የሰጡት ንድፍ ይህን «ባንክ.ምሳሌ.ኮም» ይለዋል። በዛሬዎቹ የድረ ገጽ አሳሾች (ብራውዘሮች) ላይ ብትጫኚው ግን የሚወስድሽ ወደ ሌባው ነው፤ አሳሾች የኋሊት እዝባርን እንደ እዝባር ነው የሚያነቡት፤ 3986 ግን እንደዚያ አይልም። አንድ አድራሻ በሁለት አንባቢ ሁለት ስም አለው። ለቆጠራ ከሆነ ይሁን። «ይህ አድራሻ የታመነ ነው፣ ይለፍ» ለማለት ከሆነ ግን በጭራሽ።

---

ጡረተኛው መምህር (አዘዞ)

ስለ ኋሊት እዝባሩ እቀበላለሁ፤ አላውቀውም ነበር፤ ዛሬ ተማርኩ። በማዕዘን ቅንፍ ለታሰረው የመጨረሻውን ቅንፍ እንዲህ ማድረግ ይበቃል፦ (\[[^\]]+\]|[^/?#:@]+)። ነገር ግን ለጥምቀት አልጋ የሚይዝ ሰው እንዲህ ያለ አድራሻ የሚለጥፍ አይመስለኝም።

ስለ መሣሪያው ግን አንድ ልበል። ያ የፓይተን መሣሪያ አምስተኛውን ረድፍ፣ ያለ ኤችቲቲፒኤስ የተጻፈውን ቢሰጠው ምንም ሆስትኔም አይመልስም፤ ጠቅላላውን እንደ መንገድ ይቆጥረዋል። ሰው በእጁ የጻፈው ነገር ላይ ሁለቱም ያው ናቸው፤ አስቀድሞ ማጽዳት የግድ ነው። ደግሞም ልጅቷ ያለቻት ጉግል ሺትስ ናት።

---

ባለሰንጠረዧ

አትጣሉብኝ፣ ሁለታችሁንም ተጠቅሜያለሁ። ሁሉንም ወደ ትንንሽ ፊደል ቀየርኩ፤ 23 ስም የነበሩት 17 ሆኑ።

አሁን ደግሞ አለቃዬ «ማረፊያ.ምሳሌ.ኮም እና ካርታ.ምሳሌ.ኮም አንድ ድርጅት አይደሉም እንዴ? ለምን ለየብቻ ቆጠርሽ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁራጮች ብቻ እንዲያስቀር ይህን ጻፍኩ፦

[^.]+\.[^.]+$

እናም ዝርዝሩ ላይ አንደኛ የወጣው ማን ይመስላችኋል? «ኮም.ኢቲ»። 143 እንግዳ። አለቃዬ ተደስተው «ይህ ኮም ኢቲ የሚባለው ድርጅት ቢሮው አዲስ አበባ ነው? ስልካቸውን ፈልጊልኝ» ብለውኝ ወጡ። እኔ ደግሞ እስኪወጡ ድረስ ሳቄን ይዤ።

---

የማራኪው

እህቴ፣ ይህን የትኛውም ንድፍ በራሱ ሊያውቀው አይችልም። በአገራችን አድራሻ ሰው በብዛት የሚመዘግበው ከኮም.ኢቲ፣ ከኦርግ.ኢቲ፣ ከኢዱ.ኢቲ በታች ነው፤ እንግሊዞቹም በኮ.ዩኬ እንደዚሁ ናቸው። ከነጥቦቹ አቀማመጥ ብቻ አይታወቅም፤ ዝርዝር ያስፈልጋል። ሞዚላ የጀመረው፣ አሁን በፈቃደኞች የሚጠበቅ አንድ የጋራ ዝርዝር አለ፤ አሳሾችም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ብዙ ሺህ መስመር ስላለው ላንቺ አይመጥንም። ለ17 ስም የሚያስፈልግሽን ብቻ በእጅሽ ጻፊ፤ በላቲን ፊደል ቀይሪው፦

[^.]+\.(?:(?:ኮም|ኦርግ|ኢዱ|ጎቭ)\.ኢቲ|ኮ\.ዩኬ|[^.]+)$

---

ባለሰንጠረዧ

ኮም.ኢቲ ተበተነ፤ 143ቱ ለአራት ድርጅቶች ተከፋፈሉ። ከአራቱ አንዱ ራሳችን ነን! ለካ እንግዶቹ «ከየት አገኛችሁን» ሲባሉ የራሳችንን ገጽ አድራሻ ገልብጠው የለጠፉ ናቸው፤ 52 ሰው። እነሱን አወጣኋቸው።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ እሱንም ራሴ አገኘሁት። መምህር፣ አምስተኛው ረድፍ እንዲወጣ ብለው መጀመሪያውን የግድ ያላደረጉት ንድፍ አድራሻ ያልሆነውንም ነገር ስም አድርጎ ያወጣል። ዝርዝሬ ላይ «ከአክስቴ» የሚባል ሆስትኔም 14 ጊዜ አለ። ከውጭ አገር ለጥምቀት የሚመጡ ልጆች ናቸው፤ ሳጥኑ ውስጥ እውነቱን ጻፉ። ልሰርዘው ነበር፤ አለቃዬ ግን ሲያዩት «ተዪው፣ ይቆጠር» አሉኝና በብዕራቸው አራተኛ ደረጃ ላይ ጻፉት።